እየጠፋ ላስቸገረ መኪና መጀመሪያ ለፍተሻው እንክፈል

ቢቸና ላይ መኪናው እየጠፋ ያስቸገረው ሰው ጋራዥ ሲገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ምን ልግዛ?» ብሎ ነው። ሞጣም ያው ነው። ካንዴላ ሲሉት ካንዴላ ይገዛል፤ ቦቢና ሲሉት አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውሎ ከሱማሌ ተራ ያስመጣል፤ ፖምፓ ሲሉት ተበድሮም ቢሆን ፖምፓ ይገዛል። መኪናው ግን እንደገና ይጠፋል። በዚህ ሁሉ መካከል «እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ፈልግልኝ፤ የፈለግህበትን እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው አይገኝም። መካኒኩም እንደዚያ ብሎ አይጠይቅም። እኔ ሞጣ ተወልጄ ያደግሁ፣ ቢቸና ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። በአካባቢያችን የባለመኪናውን ኪስ የሚያራቁተው ከብልሽቱ ይልቅ ይህ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተሰበረ ባሌስትራ ወይም የሚያፈስ ራዲያተር ራሱን ይናገራል። ያየው ሁሉ ያውቀዋል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ይታወቃል። በየጊዜው እየጠፋ የሚያስቸግር ሞተር ግን ሌላ ነው። መኪናው ጠዋት ይነሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ በሰላም ይመለሳል። አንድ ቀን ደብረ ወርቅ መውጫ ላይ ቀጥ ይላል። ቁልፍ ሲያዞሩ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ጥቂት ቆይተው ሲሞክሩት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ ብናቆመው አይጠፋም። ባለቤቱ የሚያወራው ስለ ታመመ መኪና ነው፤ መካኒኩ ፊት የቆመው ጤነኛ መኪና ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግምት ይሆናል፤ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ዕቃ ያስገዛል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም፤ እየቀነሰም አይሄድም። የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በዕድሜውና በሞተሩ መጠን እየለየ አስወደደው። ጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር እንዲህ ቢያስብ አልፈርድም። ለእኛ የተረፈን ግን በእጃችን ያለውን አሮጌ ኮሮላ፣ አሮጌ ፒካፕና አሮጌ ሚኒባስ እየጠገኑ መኖር ነው። ባለቤታቸውን በዕድሜ የሚበልጡ ዲኤክሶች ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው፤ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ።

መንገዳችንም መኪና ይፈትናል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ውኃ እንኳን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ወደብ ላይ ልክ ሆኖ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፣ ሚኒሞው ይወርዳል፤ እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ሲያነሱ ሞተሩ ይጠፋል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ደግሞ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩ ጋ ከፍታው ከ1,000 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ከደጀን ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ማለት ነው። ከዚያ በዚያ ሙቀት፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከተጫነ ከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቁ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ኮፈኑ ሥር ያለው ሁሉ ይግላል። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይተናል። ያረጀ ቦቢናም እዚያው ይሸነፋል።

ሜዳ ላይ የሚጠፋ ሞተር ሰው ያስቸግራል፤ ቁልቁለት ላይ የሚጠፋ ሞተር ሰው ይገድላል። ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው ቫኪዩም ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የተጠራቀመው ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ፔዳሉ ይደነድናል። መሪውም ይከብዳል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ፍሬኑን እየደጋገማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ አጥብቃችሁ ያዙት። ማርሹን አትፍቱ፤ ማርሽ ላይ ያለ ሞተር ጠፍቶም ቢሆን መኪናውን ይይዛል። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን ከነጭራሹ አትንቀሉ፤ መሪው ይቆለፍባችኋል። ይህን ለሾፌሮቻችን ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ እዚህም የጻፍኩት ለዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በአንድ መስከረም እድሜያቸው የገፋ የሞጣ ጤፍ ነጋዴ አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። መኪናው ካርቡራተር ያለው ነው። ከሞጣ ወደ ቢቸና ሲመጡ አንዳንዴ ፈለገ ብርሃን ሳይደርሱ፣ አንዳንዴ ደብረ ወርቅን አልፈው ይጠፋባቸዋል። አንዳንዴም ጭራሹን አይጠፋም። እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ ኮንደንሰሩ፣ ፊልትሮውና የነዳጅ ፖምፓው ተቀይረዋል። ካርቡራተሩም ተፈትቶ ታጥቧል። የተፈቱትን አሮጌ ዕቃዎች በፌስታል ይዘዋቸው ነበር። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም።

«ምን ልግዛ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምንም አይግዙ። ቁጭ ይበሉና ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ወሬ መኪና አይጠግንም።»

ደስ እንዳላላቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም ተቀመጡ። ሲጠፋ ድርግም ብሎ ነው ወይስ እየደከመ አልኳቸው። «እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያጣ» አሉ። ይህች መልስ ብቻዋን ቦቢናውንና ኮንደንሰሩን ከተጠርጣሪነት ልታወጣቸው ምንም አልቀራትም፤ እሳት የተቋረጠበት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል፤ ቤንዚን ያጠረው ነው እየተንገጫገጨ የሚሞተው። ከጠፋ በኋላ እንዴት እንደሚነሳ ጠየቅኳቸው። ከኋላ ጄሪካን ይዘው እንደሚሄዱና ትንሽ ቤንዚን ሲጨምሩበት ወዲያው እንደሚነሳ ነገሩኝ። ስለዚህ የነዳጅ ጠቋሚው ይዋሻል ብለው ደምድመዋል። ታዲያ ሲጠፋ ጠቋሚው ስንት ላይ ነበር? «ግማሽ። አንዳንዴ ከግማሽም በላይ።» በመጨረሻ ቶሎ የሚጠፋው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሞልቼው ስነሳ» አሉኝ። ይህን ለሌሎች ነግረው ስቀውባቸው ነበር። ነዳጅ ሞልቶ በነዳጅ እጥረት የሚጠፋ መኪና የት አለ ተብለዋል።

እንዲህ ያለ መኪና ግን አለ። ወደ ነዳጅ መሙያው ሄድኩ። የመኪናው የራሱ ክዳን ጠፍቶ የሌላ መኪና ክዳን ተገጥሞለታል፤ ሥሩም ፌስታልና ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ማሸጊያ አለ። የክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብለው ነው፤ ምክንያቱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ፖምፓው ከታንኩ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሲታፈን ታንኩ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል፤ ውሎ አድሮ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፤ ካርቡራተሩ ይደርቃል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሊትር እንደተቃጠለ ቫኪዩሙ ይበረታል። ግማሽ ሲሆን ግን ረጅም መንገድ ይወስዳል። ቆመው ሲጠብቁ አየር በቀስታ ይሰርጋል፤ መኪናው ይነሳል። ጄሪካኑን ለመገልበጥ ክዳኑን ሲከፍቱማ ቫኪዩሙ ባንድ ጊዜ ይለቃል። ያስነሳው ክዳኑ መከፈቱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው የጨመሩት ቤንዚን ነበር።

ግምት እንዳይሆን ታንኩን ሞልተን፣ ክዳኑን እንደነበረ አሽገን አብረን ወጣን። መንገጫገጭ ሲጀምር ዳር ይዤ ክዳኑን ከፈትኩት። አየሩ እያፏጨ ሲገባ እሳቸውም ሰሙት። ሞተሩ ተነሳ። ቀጥሎ ማሸጊያውን አውጥተን፣ ክዳኑን አላልተን በዚያው መንገድ ስንሄድ አልጠፋም። መተንፈሻ ያለው ክዳን ተገዛ፤ ዋጋው ከዚያ በፊት ከገዟቸው ዕቃዎች ከማንኛውም ያነሰ ነበር።

ከእኔ በፊት ያዩት መካኒኮች ሙያ የሚያንሳቸው አይደሉም። እንዲጠይቁ፣ እንዲጠብቁ፣ አብረው እንዲነዱ የከፈላቸው ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም የፍተሻውን ዋጋ ስናገር ሰውዬው ክዳኑ ላይ አልተከራከሩኝም። «ምንም ሳትቀይር?» ብለው የተከራከሩኝ ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ፍለጋ ላይ ነው። በመጨረሻ ከፍለውኛል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጥያቄው ነው፤ ጋራዤ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ነውና።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ለካርድ እንከፍላለን፣ ለላቦራቶሪ እንከፍላለን። መድኃኒት የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ምርመራው ምንም የለብህም ቢል ገንዘቤን መልሱ የሚል ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም ተመስገን ብሎ ይወጣል። ጋራዥ ላይ ግን መድኃኒቱን አስቀድመን ገዝተን በሽታውን በኋላ እንፈልጋለን። መካኒኩም ሰው ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ዕቃ ሲገጥም ብቻ የሚከፈለው ከሆነ ዕቃ ይገጥማል። ዕቃ ሻጩ በጎን ኮሚሽን የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ አብዝቶ ይገጥማል። ይህን የሙያ ጓደኞቼን ለማሳጣት አልጻፍኩትም። አከፋፈላችን ራሱ ግምትን ይሸልማል፤ በጥንቃቄ የሚፈልገውን ሰው ደግሞ ይቀጣል።

መካኒክ ስለሆንክ ለራስህ ገበያ እየፈጠርክ ነው የሚለኝ ይኖራል። በፍተሻ የሚከፈለው ሰው ሰዓት እያራዘመ ገንዘብ ይቆልላል የሚልም ይኖራል፤ ስጋቱ እውነት አለው። መፍትሔው አስቀድሞ መነጋገር ነው። የግማሽ ቀን ፍተሻ ስንት እንደሆነ ይወሰን። ግማሽ ቀኑ ሲያልቅ መካኒኩ ምኑን እንዳየ፣ ምኑ ደህና እንደሆነ፣ ምኑ እንደሚያጠራጥረው በወረቀት ጽፎ ይስጥ። ብልሽቱ ባይገኝ እንኳን ባለቤቱ ያንን ወረቀት ይዞ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቢሄድ ፍለጋው ካቆመበት ይቀጥላል። ዛሬ የምናደርገው ግን በየጋራዡ ከካንዴላ እንደገና መጀመር ነው።

ባለመኪናውም ድርሻ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጋራዥ ላይ ግን ሰው ይደብቃል። ሌላ ቦታ ማሠራቱን አይናገርም፤ ዕቃው እንደተቀየረ አይናገርም፤ ቤንዚኑን ከየት እንዳመጣው ጭራሽ አይነሳም። ለእኔ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥብኝ በትክክል የተነገረ ታሪክ ነው። ሲጠፋ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና ቀዝቃዛ? ዳገት ነው ወይስ ሜዳ? ቤንዚን እየሰጡ ነው ወይስ እግር ሲያነሱ? ነዳጁ ስንት ነበር? ዝናብ ነበር? ምን ያህል ቆይቶ ተነሳ? መኪናው ውስጥ ደብተር አስቀምጡና በዚያው ሰዓት ጻፉት፤ ማታ ቤት ሲገቡ ግማሹ ይረሳል።

ከሁሉም በፊት ግን ዳሽቦርዱን እዩ። ሞተሩ ሲጠፋ ቁልፉን ሳትነኩ የዘይትና የባትሪ መብራቶች መብራት አለባቸው። ከበሩ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ካልበሩ፣ ዳሽቦርዱ ሁሉ ጨልሞ ከሆነ፣ ቦቢናም ፖምፓም አትግዙ፤ ችግሩ ያለው ከባትሪው እስከ ቁልፍ መክፈቻው ባለው መሥመር ላይ ነው። አንዲት የቢቸና መምህርት ይህችን ብቻ አስተውላ ነገረችኝ። የቁልፍ መክፈቻውን ስፈታው ውስጡ ተበልቷል። ቁልፏ ላይ የቤቱም የቢሮውም የመጋዘኑም ቁልፎች ተንጠልጥለው ነበር፤ መንገዱ ሲያናውጣቸው እነዚያ ሁሉ እየተወዛወዙ መክፈቻውን ይስቡታል፣ ሞተሩ ይጠፋል። አንዲት አስተዋይ ሴት ያየችው ነገር ስንት ዕቃ አስቀረ።

መኪናው እንደጠፋ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ትልቁን ማስረጃ ይይዛሉ፤ እኛ ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ሞተሪኖውን እያዞርን ባትሪ እንጨርሳለን። ካርቡራተር ላለው መኪና የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሱና የቤንዚን መስጫውን ሽቦ በእጅ ሳቡት፤ ወደ ውስጥ ቤንዚን ከተረጨ ካርቡራተሩ አልደረቀም፤ ፊታችሁን ወደ እሳት መስመሩ አዙሩ። ካልተረጨ ከታንኩ ጀምሩ። ዓባይ በረሃ ላይ ከሙቀት የተነሳ ከጠፋ የረጠበ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ብቻ አድርጉና ሌላ ጊዜ ብቻውን ቆሞ ከሚወስድበት ቀድሞ ይነሳ እንደሆነ እዩ። በሌላ ቀን ደግሞ ሽቦዎቹን ሳታረጥቡ ቦቢናው ላይ ብቻ ሞክሩት። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያቀዘቀዘ ሰው መኪናውን ያስነሳል፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም፤ ነገ ሁለቱንም ይገዛል። ጋራዥ ላይም ሕጉ ይኸው መሆን አለበት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካ።

ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች የኮምፒዩተር ምርመራ ካልተገኘ አይታዩም የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በፈረንጆች 1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ኮፈን ሥር «ዳያግኖሲስ» ተብሎ የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም አለ። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በቁራጭ ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይሰጣል። 12 ወይም 13 ከሆነ የሞተሩን ዙር የሚያሳውቀው ምልክት ተቋርጦ ነበር፤ 14 ከሆነ ከኢግናይተሩ የሚመጣው ምልክት። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ነገር የለም። ያልተመዘገበ ማለት ግን ብልሽት የለም ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ የታፈነ ክዳንን የሚመዘግብ ኮምፒዩተር በእነዚያ መኪኖች ላይ የለም። ብዙ ጋራዥ ውስጥ የማየውና የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ፤ ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የባትሪ ገመድ ይፈታል። ገመዱ ሲፈታ ኮምፒዩተሩ የያዘው መዝገብ ይጠፋል። ማስረጃውን አጥፍተን ፍለጋ እንጀምራለን።

ስለ ነዳጁም ሳልናገር አላልፍም። ማደያ ባዶ ሲሆን ወይም መንገድ ሲዘጋ ሰው በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል። ሌላ ምርጫ በሌለበት ማንንም አልወቅስም። ግን ያ ቤንዚን ውኃም ላምባም ሊኖርበት ይችላል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፤ ነዳጁ ሲያንስ ወይም መኪናው ዳገት ሲይዝ ወደ መሳቢያው ይደርሳል፤ ያኔ ሞተሩ ይጠፋል። ከመሙላታችሁ በፊት በብርጭቆ ቅዱና ጥቂት አቆዩት፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ቅባት ይተዋል። ያገኛችሁትንም ለመካኒካችሁ ንገሩት።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የሚያየው መኪናውን በዚያች ሰዓት ነው፤ መንገድ ላይ እየጠፋ የሚያስቸግር ሞተር በዚያች ሰዓት ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው ብዙ አልጠብቅም። የምጠብቀው ከሙያ ኮሌጆቻችን ነው። ከእነሱ ወጥተው ወደ እኔ የሚመጡ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ካርቡራተር ፈትተው ይገጥማሉ፣ ቴስታታ ያወርዳሉ። መኪና ሳይነካ ባለቤቱን መጠየቅ፣ የሰማውን መጻፍ፣ ከአምስት ምክንያት አራቱን እየሞከረ ማስወጣት ግን ያስለመዳቸው ሰው የለም። መምህራኑ አንድ ደህና መኪና ላይ ክዳን ቢያፍኑ፣ የማሳ ሽቦ ቢያላሉ፣ የቫኪዩም ቱቦ ቢሰነጥቁና ተማሪዎቹን ምንም ሳትቀይሩ ፈልጉ ቢሏቸው ወጪው ኢምንት ነው። የብቃት ማረጋገጫ ፈተናው ውስጥም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይግባ። አዲስ መኪና ሊመጣላቸው ለማይችሉ ከተሞች ከዚህ የሚጠቅም ሙያ አላውቅም።

ባለመኪኖች፣ በተለይ ዓባይ በረሃን የምትሻገሩ፣ ሞተራችሁ አንዴ እንኳን ያለ ምክንያት ከጠፋ ሁለተኛውን ሳትጠብቁ አስፈትሹ፤ ለፍተሻውም ዋጋ ቁረጡ። ከደጀን እስከ ሞጣ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼም የግማሽ ቀን ፍተሻ ዋጋችሁን በየበራችሁ ላይ ጻፉ፤ ያያችሁትንም ለባለቤቱ በወረቀት ስጡ።